«ሐረር» ብዬ ስፈልግ የጠፉት መስመሮች

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ዕቃ የምንልክላቸውን ደንበኞች ለይቼ ማውጣት ነበረብኝ። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ስም፣ ከተማና ስልክ በላቲኑ ኮማ ተለያይተዋል። በግሬፕ (grep፣ የተፈለገው ቃል ያለባቸውን መስመሮች ከፋይል የሚያወጣ ትእዛዝ) «ሐረር» ብዬ ስፈልግ ብዙ ደንበኛ ቀረ። ጭራሽ የምሥራቅ ሐረርጌ መስመሮች ተቀላቀሉ።

መዝጋቢዎቹ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሃ ጽፈዋል። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት በዩኒኮድ ግን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ግሬፕ ደግሞ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ካልነገሩት ሐረርጌ ውስጥም ሐረርን ያገኛል።

መጀመሪያ የከተማውን ዓምድ በከት (cut) ቆርጬ፣ በሶርት (sort) ደርድሬ፣ እያንዳንዱ አጻጻፍ ስንት ጊዜ እንደመጣ በዩኒክ (uniq -c) ቆጠርኩ። ይህን እንዳትዘሉት! የአጻጻፍ ልዩነቱ ሁሉ እዚያ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ከዚያ ግሬፕን ከትልቁ ኢ አማራጭ (-E፣ ቀጥ ያለችውን መስመር | «ወይም» ብሎ እንዲያነብ የሚያደርገው) ጋር ይህን ሰጠሁት፦

',(ሐ|ሀ|ሃ)ረር,'

ዳርና ዳር ያሉት ኮማዎች ሐረርጌን ያስቀራሉ። ቅንፉ ሦስቱንም ሆሄ ይቀበላል። ባለ ማዕዘኑ ቅንፍም፣ ማለትም [ሐሀሃ]፣ ይሠራል፤ ሎኬሉ (የኮምፒውተሩ የቋንቋ ቅንብር) ዩኒኮድን በባይት የሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 ካልሆነ ግን እያንዳንዱን ሆሄ ወደ 3 ባይት ስለሚበትነው እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ውጤቱን ወደ አዲስ ፋይል ላክሁ፤ ዋናው አልተነካም።