የሃንግቦርድ ችግርና መፍትሄ፦ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው፣ የግድግዳው ነው ወይስ የአጠቃቀሙ?

ሃንግቦርድ ዐለት ወጪዎች የጣታቸውን ጥንካሬ ለማዳበር የሚንጠለጠሉበት፣ የጣት ቀዳዳዎችና ጠርዞች ያሉት ሰሌዳ ነው። ጥቂት ወራት ያገለገለ ሃንግቦርድ የባለቤቱን ልምምድ ራሱ ይናገራል። እጅ እንዳይንሸራተት በሚቀባው የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ነጥተው የሚታዩት መያዣዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ ቢበዛ አራት ናቸው፤ የቀሩት ከካርቶን እንደወጡ ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ። እኔም የመጀመሪያ ሰሌዳዬን የመረጥኩት በመያዣዎቹ ብዛት ነበር፤ ከሃያ በላይ ከሆኑት ቀዳዳዎችና ጠርዞች መካከል በዓመቱ መጨረሻ የነጡት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ያስተዋልኩት ሰሌዳውን ልቦርሽ ወንበር ላይ የወጣሁ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለቤት የሚሆን ሃንግቦርድ ስመርጥ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ለጣት የሚመች አንድ ጥንድ ጠርዝ መኖሩንና በዚያ ጠርዝ ላይ የሚያርፈውን ክብደት እንደ አቅም ለመቀነስና ለመጨመር ሁኔታው መፍቀዱን። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምልክቶች ሌላ ሰሌዳ ከመገዛቱ በፊት ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት የሚረዱ ናቸው።

ቆዳው ከጡንቻው ቀድሞ ሲሸነፍ

ክንድዎ ገና ሳይዝል የጣቶችዎ ጫፍ መቃጠል ወይም መሰንጠቅ ከጀመረ፣ መጀመሪያ ቆዳው የተጎዳበትን ቦታ ልብ ብለው ይመልከቱ። ጉዳቱ በጣት ጫፍ ሥጋ ላይ እንደ ክር ቀጥ ብሎ የተሰመረ ከሆነ መንስኤው የጠርዙ ከንፈር፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ስለታም መሆኑ ነው፤ የጣቱ ጫፍ በሙሉ ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ ግን መንስኤው የሰሌዳው ገጽ ሻካራነት ነው።

ሻካራነት በተለይ ከሬዚን (ጠጥሮ ከሚደርቅ ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) የሚሠሩ ሰሌዳዎች ባሕርይ ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች የዐለትን ገጽ እንዲመስሉ ተደርገው ስለሚወጡ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ የሚይዙ ይመስላሉ፤ ሆኖም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለሚንጠለጠልና ከዚያ ውጭም ዐለት ለሚወጣ ሰው ቆዳው የሚያገግምበት ፋታ አይሰጡም። ለቤት ልምምድ እንጨትን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። እንጨት ቆዳን አይበላም፣ ከዚህም በላይ ገጹ ለስላሳ በመሆኑ ጣት በራሱ ኃይል እንዲይዝ ያስገድዳል። ስለታም ለሆነ ከንፈር መፍትሄው ቀላል ነው፦ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማጠጋጋት፣ ከዚያም በ220 ቁጥር ማለስለስ ነው። የሬዚን ሰሌዳም በዚህ መንገድ ሊለሰልስ ይችላል፤ ነገር ግን ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የሌለበት ስለሆነ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ደጅ ላይ መሥራት ግድ ነው። አዲስ ሰሌዳ ሲመርጡም የከንፈሩ ክብነት ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር የሆነ ሬድየስ ቢኖረው ይመከራል። ይሁንና ማጠጋጋት ዋጋ ያስከፍላል፤ የጠርዙ ጥልቀት በወረቀት ላይ 20 ሚሊሜትር ቢባልም ከንፈሩ በተጠጋጋ ቁጥር ጣት የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ እየጠበበ ይሄዳል፤ 10 ሚሊሜትር ብቻ ጥልቀት ያለውን ጠርዝ በብዛት ያጠጋጋ ሰው በእጁ የሚቀረው ተዳፋት ነው። በሁለት የተለያዩ ሰሌዳዎች ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ተጽፎ ሳለ አንዱ ቀላል ሌላው ከባድ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

ጣት የሚንሸራተት ከሆነ

የእንጨት ሰሌዳ ላይ መንሸራተት ሲያጋጥም ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዱቄት ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩን የሚያባብሰው ያ ነው። በላብና በቆዳ ቅባት የታሸ አሮጌ ዱቄት የእንጨቱን ቀዳዳዎች ደፍኖ ገጹን እንደ ብርጭቆ ያደርገዋል። በጠንካራ ብሩሽ ይቦርሹት፤ ካልበቃ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያሳልፉበት። ሰሌዳው በቫርኒሽ የተቀባ ከሆነ የሚጨበጡት ቦታዎች ላይ ያለው ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። እጃቸው ከመጠን በላይ ደረቅ የሆነ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ጣታቸውን በትንሽ ውሃ ማርጠብና ከዚያ መንጠልጠል ይጠቅማቸዋል።

አንድ እጅ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም ቦርሸውም ቢሆን ለውጥ ከሌለ ውሃ ልክ ይዘው ጠርዙ ላይ ያስቀምጡ። ውሃ ልኩን በሰሌዳው ርዝመት ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ወደ ፊት በሚወጣው አቅጣጫም ይለኩ፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ካልሆነ ጠፍጣፋ ተብሎ የተሠራው ጠርዝ ወደ ፊት ይዘምማል፣ ጥቂት ዲግሪ መዝመም ደግሞ በለስላሳ እንጨት ላይ በደንብ የሚታወቅ ልዩነት ያመጣል። ከሰሌዳው ጀርባ ስስ ሽብልቅ ማስገባት ይህን ያስተካክላል።

አምስት ሰከንድ እንኳ መቆየት ሲያቅት

በመልእክት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ጠያቂው ሰሌዳውን ሰቅሎ፣ በ20 ሚሊሜትር ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሦስተኛው ሰከንድ ጣቱ ሲከፈትበት ሰሌዳው ለእርሱ እንዳልሆነ ይደመድማል። መንስኤው የጠርዙ ጥልቀት ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ባለው ጠርዝ ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ይቆያል፣ በ20 ግን ይወድቃል። ጀማሪ ሰሌዳ ሲመርጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሰፊ ጠርዝ መኖሩን ማረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው። በሰፊውም ጠርዝ ካልቆየ ግን ችግሩ ሙሉ የሰውነት ክብደቱን በጣቶቹ ላይ መጫኑ ነው፤ ይህንን የሚፈታ ሰሌዳ የለም።

ክብደት ለመቀነስ ሁለት አስተማማኝ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው መዘውር ነው፤ ከሰሌዳው አጠገብ በተሰቀለ መዘውር ላይ ገመድ አሳልፎ አንዱን ጫፍ ከወገብ ቀበቶ፣ ሌላውን ከሚዛን ክብደት ጋር ማሰር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሌላው ጫፍ 15 ኪሎ ቢያስር በጣቶቹ ላይ የሚቀረው 55 ኪሎ ገደማ ነው፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት 15ቱ ወደ 12፣ ከዚያም ወደ 10 ሲወርድ እድገቱ በቁጥር ይታያል። ሁለተኛው መንገድ አንድን እግር ከሥር በተቀመጠ የሰውነት ሚዛን ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ከሰውነት ክብደት ላይ ሲቀንሱ ጣት የተሸከመው ይገኛል። እግርን ወንበር ላይ ማስደገፍም ይሠራል፣ ግን ምን ያህል እንደተቀነሰ ስለማይታወቅ ዛሬና የዛሬ ወር ማወዳደር አይቻልም። ላስቲክም ጉድለት አለበት፤ ሰውነት ዝቅ ባለ ቁጥር ላስቲኩ ይበልጥ ስለሚስብ የእርዳታው መጠን በየሴኮንዱ ይለዋወጣል።

ልኩ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ በተመረጠው ጠርዝ ላይ ለ10 ሰከንድ ሲንጠለጠሉ ለሌላ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ የሚበቃ ኃይል ቀርቶ መውረድ የሚቻልበት ክብደት ትክክለኛው ነው። በዚህ ልክ ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ በመካከሉ 3 ደቂቃ እያረፉ መሥራት ለአንድ ቀን በቂ ነው። ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ለብዙ ሰው ከመንጠልጠሉ ይከብዳል፤ ዕረፍቱን ያሳጠረ ግን ጥንካሬ መሥራቱ ቀርቶ ድካም እየተለማመደ ነው።

ጣት ሥሩ ላይ ሲያም

ይህ በትዕግሥት መነበብ ያለበት ክፍል ነው። ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች ከአጥንቱ ተጠግተው እንዲሄዱ የሚያደርጉ ቀለበት መሰል ማሰሪያዎች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል በመዳፍና በጣቱ መካከለኛ አንጓ መሃል የሚገኘው፣ ኤ2 የሚባለው፣ ዐለት በሚወጡ ሰዎች ላይ በብዛት የሚጎዳው ነው። ምልክቱ ጣቱን ከመዳፍ በኩል በሌላ እጅ አውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ውስን ነጥብ ላይ የሚሰማ ሕመም ነው፤ አንዳንዴም ጉዳቱ የደረሰ ዕለት ቋ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ይሆናል። ድምፅ ተሰምቶ እብጠት ከተከተለ ልምምዱን ማቆምና ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ አጨባበጡ ነው። ሙሉ ክሪምፕ በሚባለው አያያዝ መካከለኛው አንጓ በኃይል ይታጠፋል፣ የጫፉ አንጓ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ አውራ ጣትም በላይ ይደረባል፤ በዚህ ጊዜ ኤ2 ላይ የሚያርፈው ጫና ጣትን ዘርግቶ በኦፕን ሃንድ ከመያዝ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው። በሃንግቦርድ ላይ የሚመከሩት ኦፕን ሃንድና መካከለኛው አንጓ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ የሚታጠፍበት ግማሽ ክሪምፕ ናቸው። እዚህ ላይ ሰሌዳውም ድርሻ አለው። ጠርዙ ከ15 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ደክሞ ያለ እጅ ባለቤቱ ሳያውቀው ወደ ሙሉ ክሪምፕ ይሸሻል፤ ስለዚህ ትናንሽ ጠርዞች ብቻ ያሉት ሰሌዳ ለጀማሪ መጥፎ ምርጫ ነው። በስልክ ቪዲዮ ከጎን በኩል ተቀርጾ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰከንዶች መመልከት ይህን ወዲያው ያጋልጣል፤ አውራ ጣት ቀስ እያለ ወደ ጠቋሚ ጣት ሲሳብ ይታያል።

የአንድና የሁለት ጣት ቀዳዳዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። አንድ ጣት ብቻ ሲገባና አጎራባቾቹ ወደ መዳፍ ሲታጠፉ በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሳባሉ፤ በመዳፍ ላይ ወደ ቀለበት ጣት የሚሄድ ሕመም ከተሰማ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ለዓመታት ካልሠለጠኑ በስተቀር እነዚህን ቀዳዳዎች ለጌጥ ይተዉአቸው። ዕድገታቸውን ያልጨረሱ ታዳጊዎች ደግሞ የጣት አጥንታቸው የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል (የዕድገት ሰሌዳ የሚባለው) ገና ስላልተዘጋ በሃንግቦርድ ከባድ ልምምድ ማድረግ የለባቸውም፤ በመካከለኛው አንጓ ጀርባ በኩል የሚሰማ ሕመም በእነርሱ ላይ የስብራት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ክርንና ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም

ሰሌዳው ለትከሻዎ ስፋት የጠበበ ከሆነ የእጅ አንጓዎች ወደ ውስጥ ተጣመው ክርን ወደ ውጭ ይገፋል። በሁለቱ የመያዣ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ከትከሻ ስፋት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ከመግዛት በፊት በሜትር መለካት ይበቃል፤ ትከሻቸው ሰፊ ለሆነ ሰዎች ሁለት ተነጣጥለው የሚሰቀሉ ክፍሎች ያሉት ሰሌዳ ይስማማቸዋል። ስፋቱ ልክ ሆኖ ሳለ ትከሻ የሚያም ከሆነ ግን ትከሻዎ ጆሮዎን እስኪነካ ተለቀው እየተንጠለጠሉ ነው፤ ክንድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ብራኳዎች በትንሹ ወደ ታች መሳብ አለባቸው።

ሰሌዳው ሲነቃነቅ ወይም ሲንቋቋ

አንድ ቀን ተንጠልጥዬ ሳለ የልስን ዱቄት ዓይኔ ላይ ረገፈ። ወርጄ በሰሌዳው የላይኛው ጠርዝና በግድግዳው መካከል ወረቀት ስሞክር ያለ ችግር ገባ፤ ስሰቅለው ግን ምላጭ እንኳ አያስገባም ነበር። ግድግዳው ብሎኬት ሲሆን ትራፓኖው የገባው በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ላይ ስለነበር ፊሸሮቹ የያዙት ስሱን ግንብና ልስኑን ብቻ ነበር።

ክብደቱ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚያርፍ ሰሌዳው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከላይ በኩል ወደ ፊት ለመገንጠል ይጥራል፤ ቀድመው የሚላሉትም የላይኛው ረድፍ ብሎኖች ናቸው። መፍትሄው ሰሌዳውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ አለመስቀል ነው። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ኮምፔንሳቶ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ በብዙ ቦታ ይታሰራል፣ ሰሌዳው ደግሞ በኮምፔንሳቶው ላይ። ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ኮምፔንሳቶው ከኋላ ካሉት ቋሚዎች ቢያንስ ሁለቱን መያዝ አለበት፤ ጂፕሰሙ ራሱ ምንም አይሸከምም። በበር መቃን ላይ የሚሰቅሉ ደግሞ የሚታየው ጌጥ እንጨት በምስማር ብቻ የተመታ መሆኑን አይርሱ። የወረቀቱን ፍተሻ እኔ አሁንም በየወሩ አደርገዋለሁ።

ጥንካሬው ሲቆም

ለወራት ምንም ለውጥ ከሌለ መንስኤው ብዙ ጊዜ የሰሌዳው ሀብታምነት ነው። ዛሬ በአንዱ ቀዳዳ፣ ነገ በሌላው ጠርዝ የሚሠራ ሰው የሚያወዳድረው ነገር የለውም። ስፔናዊቷ ዐለት ወጪና ተመራማሪ ኤቫ ሎፔዝ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ጥናት በቋሚ ጠርዝ ላይ ክብደት እየጨመሩ መንጠልጠልን ያለ ተጨማሪ ክብደት ጠርዝ እያሳነሱ ከመንጠልጠል ጋር አነጻጽራ ነበር፤ በክብደቱ ጀምረው ወደ ትንሹ ጠርዝ የተሸጋገሩት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። የተጠኑት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ሕግ ባይሆንም ለቤት ሰልጣኝ ምቹ መነሻ ነው፦ በአንድ የ20 ሚሊሜትር ጠርዝ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ኪሎውን ብቻ መለወጥ፣ ሁሉንም በደብተር መጻፍ፣ በሁለት ልምምዶች መካከልም ቢያንስ 48 ሰዓት መተው። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ የሚጠነክር ስለሆነ ክንድ «እችላለሁ» ባለ ማግስት ክብደት መጨመር አይገባም።

ሰሌዳ መስቀል የማይቻል ከሆነ

ተከራይተው የሚኖሩና ግድግዳ መብሳት የተከለከሉ ሰዎች ሃንግቦርድ ላያስፈልጋቸው ይችላል። አንድ የእጅ ስፋት ያላት፣ 20 ሚሊሜትር ጠርዝ የተቀረጸባት እንጨት በገመድ ከክብደት ጋር ታስራ ቆሞ በአንድ እጅ ከመሬት ማንሳት ተመሳሳይ ጣቶችን ያሠራል። ክብደቱ ከዜሮ ስለሚጀምር ከመዘውርም ይቀላል፤ ሁለቱ እጆች ተለያይተው ስለሚለኩም አንደኛው ከሌላው ምን ያህል እንደሚደክም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። የእኔ ግራ እጅ ከቀኜ በ4 ኪሎ ያንስ ነበር፤ ሁለት እጅ ባንድ ላይ በሚንጠለጠሉበት ሰሌዳ ላይ ይህን ለዓመታት አላወቅሁም።