«የስ» ተብሎ ሳይግባቡ መቅረት፦ በእንግሊዝኛ ጭውውት መረዳትን የማረጋገጥ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ያነጋገርነው ሰው «የስ፣ የስ» እያለ ካዳመጠን በኋላ የሚሠራው ሥራ ከተባባልነው ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ይገኛል።

ምክንያት፦ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጥያቄው ነው። «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» የተባለ ሰው አልገባኝም ብሎ ከማፈር «የስ» ማለት ይቀለዋል፤ በዚያ ላይ ጥያቄው፣ በተለይ በእኩዮች መካከል ሲነገር፣ መምህር ተማሪውን የሚቆጣ ያስመስላል። በመሐል የሚሰሙት «ራይት» እና «አሃ» ደግሞ እየሰማሁ ነው ከማለት ያለፈ ዋስትና አይሰጡም።

መፍትሄ፦ «ደዝ ዛት ሜክ ሴንስ?» (ያልኩት ግልጽ ነው?) ማለት ይሻላል፤ የሚመዝነው የእኛን አገላለጽ እንጂ የሰሚውን አቅም አይደለምና። ሆኖም ይህም በ«የስ» የሚመለስ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከበድ ሲል በቂ ነው ብዬ አላምንም። ይበልጥ የሚያስተማምነው መረዳቱን ትቶ ይዘቱን መጠየቅ ነው፦ «ሶ፣ ዋት ዊል ዩ ዱ ፈርስት?» (እና መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?)። ሰውዬው የመጀመሪያውን እርምጃ በራሱ አንደበት ሲነግረን መግባባታችን ይታያል፤ ከተሳሳተም የቱ ጋ እንደተለያየን ወዲያው እናውቃለን። የጤና ባለሙያዎች ታካሚው የመድኃኒቱን አወሳሰድ መልሶ እንዲነግራቸው የሚጠይቁት ለዚሁ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ አብራሪው መነሳት መጀመሩን በአሻሚ እንግሊዝኛ ሲናገር ተቆጣጣሪው «ኦኬ» ብሎ መመለሱ ነበር። ለዚህም ነው አብራሪ የመነሻ ፈቃድ ሲሰጠው «ኦኬ» ብቻ ብሎ እንዲያልፍ የማይፈቀድለትና የተባለውን ደግሞ መናገር ያለበት።

ችግር፦ ያልሰማነውን ለማስደገም «ዋት?» ወይም «ሪፒት» ስንል ተናጋሪው ቅር ይለዋል፣ አለዚያም ሁሉንም ከመጀመሪያው በዚያው ፍጥነት ይደግመዋል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ቃላቱ ብቻቸውን ሲነገሩ ይሻክራሉ፤ የቱ እንዳመለጠንም አያመለክቱም። የያዝነውን ደግመን ያመለጠንን ቦታ ብቻ ክፍት እንተወው፦ «ሶሪ፣ ዩ ኒድ ዘ ሪፖርት ባይ ዌን?» (ይቅርታ፣ ሪፖርቱ የሚያስፈልግህ እስከ መቼ ነው?)። ቁጥር ሲሆን፣ በተለይ በስልክ፣ «ሰርቲን» (13) እና «ሰርቲ» (30) ስለሚምታቱ «ዋን ስሪ ኦር ስሪ ዚሮ?» ብሎ አኃዝ በአኃዝ መለየት ያስፈልጋል።

ችግር፦ እንዳልገባን ተናግረን ሳለ ጓደኛችን ገብቶናል ብሎ ይቀጥላል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ጥያቄው በአሉታ ቀርቦ ነበር። «ዲድንት ዩ ጌት ኢት?» (አልገባህም?) ስንባል በአማርኛ ልማድ «አዎ፣ አልገባኝም» ለማለት «የስ» ካልን፣ በእንግሊዝኛ ገብቶኛል እንዳልን ይቆጠራል። ስለዚህ በአንድ ቃል ሳንቋጭ ግሱን አስከትለን «ኖ፣ አይ ዲድንት» እንበል፤ ጠያቂዎቹ እኛ ከሆንን ደግሞ ጥያቄውን መጀመሪያውኑ ያለ አሉታ እናቅርበው።