ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳና የሞኔ ሰማያዊ ጥላ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1868 መጨረሻና በ1869 መግቢያ ባለው የብርድ ወራት የሣለው «ላ ፒ» (La Pie) የሚባል ሥዕል አለ፦ ሜዳው በረዶ ለብሷል፣ አንዲት ወፍ የእንጨት በር ላይ አርፋለች፣ የአጥሩም ጥላ በረዶው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። ሳሎን የሚባለው የፓሪስ ትልቁ የሥዕል ዐውደ ርእይ በ1869 አልተቀበለውም፤ ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ነው። በረዶ አይቶ ለማያውቅ ሰው ሰማያዊው ጥላ ፈጠራ ይመስለዋል። ሐረር ጀጎል ግን ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ሞልቷል፤ ለዚህ ጉዳይ ኖራ ከበረዶ አያንስም።

ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ውጡ። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ያጥራል። ፖስታ የሚያህል ነጭ ወረቀት መሃሉ ላይ ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ብሱ፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ ወረቀቱን ፀሐይ እየነካው፣ በቀዳዳው የግድግዳውን ጥላ ብቻ ተመልከቱ። ያለ ቀዳዳው አእምሯችን «ግድግዳው ነጭ ነው» ብሎ ቀድሞ ይፈርዳል። በቀዳዳው የሚታየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው፤ ጥላው የፀሐይዋን ብርሃን አጥቶ የሚያገኘው የሰማዩን ብርሃን ብቻ ነውና። ደመና ከሸፈነው ሰማያዊነቱ ይጠፋል።

ቀጥሎ ጠባብ መንገድ ግቡ። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ሮዝ ተቀብቶ ፀሐይ ከመታው፣ የወዲህኛው ነጭ ግድግዳ ጥላ ሮዝ ይሆናል። አረንጓዴ ከሆነም እንደዚያው። ይህን አንዴ ያየ ሰው የኢምፕሬሽኒስቶችን፣ ማለትም እንደ ሞኔ ብርሃንን ያሳደዱትን ሠዓሊዎች፣ ጥላ በጥቁር አይፈልግም።

አሁን የሞኔን ሥዕል ስልክ ላይ ክፈቱ። የማታ ብርሃን ተብሎ ማያውን የሚያቢጫውን ቅንብር አጥፉ፤ አለዚያ ሰማያዊው ይሞታል። ጥላውን ብቻ አጉልታችሁ የብሩሹን ምት ቁጠሩ፣ ከዚያ አሳንሱትና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት።

ራሳችሁ ጥላውን ለመሣል 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ካርቶን፣ ቁጥር 8 ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ነጭ፣ ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊና አረንጓዴ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ይበቃል። ጥቁሩን ቤት ተዉት። ቀለም በቆርቆሮ ቱቦ መሸጥ የጀመረው ከ1841 በኋላ ነው፤ ደጅ ወጥቶ መሣል እጅግ የቀለለው በዚያ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ሙቀቱ አክሪሊኩን ፓሌት (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ) ላይ ያደርቀዋል፤ እርጥብ ጨርቅ አንጥፋችሁ በላዩ ወረቀት አድርጉና ቀለሙን እዚያ ላይ አውጡ።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው፦ ብርቱካናማውንና ሰማያዊውን እዚያው ካርቶኑ ላይ ያሻል፣ ጭቃ ይወጣል። ተቃራኒ ቀለሞች ሲቀላቀሉ ይገዳደላሉ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ይደማመቃሉ፤ ኬሚስቱ ሼቭረል ይህን በ1839 በመጽሐፍ አስረድቷል። ስለዚህ አንድ ምት አሳርፉ፣ አትመለሱበት፣ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጉና ቀጣዩን ከጎኑ አድርጉ። ምቱ ግድግዳው ላይ ወደ ታች፣ መሬቱ ላይ አግድም ይሁን።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባሉት ዛፎች ሥር ሌላ ልምምድ አለ። በቅጠሎች መሃል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ነጠብጣብ ክብ ነው፤ ሌላው ኢምፕሬሽኒስት ሬኗር በ1876 ሙላን ደ ላ ጋሌት በተባለው የፓሪስ ጭፈራ ቤት ሥዕሉ ላይ በሰዎቹ ልብስና ጀርባ ላይ የበተነው ያን ነው። ነጠብጣቡን ንጹሕ ነጭ አታድርጉት፣ ትንሽ ቢጫ ይግባበት።

ሞኔ ፈረንሳይ ውስጥ ያለውን የሩዋን ካቴድራል ፊት ከሠላሳ ጊዜ በላይ የሣለው ብዙ ሸራዎችን አጠገቡ አድርጎ፣ ብርሃኑ ሲቀየር ሸራ እየቀየረ ነው። እናንተም ሦስት ካርቶን ያዙ። የጥላው ጠርዝ ከሠራችሁት መስመር አንድ ስንዝር ሲርቅ ያን አስቀምጡና ሌላውን አንሱ፤ ወደ መጀመሪያው ነገ በዚያው ሰዓት ትመለሳላችሁ።