ወደ ኒውክሌር ዘርፍ የሚያመሩ የማቴሪያልስ መሐንዲሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምስት ኪሎ ከሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወጥተው በኒውክሌር ዘርፍ ለመሥራት የሚመኙ ወጣቶች የሥራ ማመልከቻቸውን እንድመለከትላቸው ሲያመጡልኝ ያው ስህተት ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ብየዳን፣ ዝገትንና ፍተሻን የቴክኒሻን ሥራ ነው ብሎ መናቅ ነው። ማመልከቻው ከዳር እስከ ዳር ስለ ሪአክተር ንድፍ ያወራል፤ በብየዳ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በአልትራሳውንድ እንዴት እንደሚገኝ ሲጠየቅ ግን አመልካቹ መልስ የለውም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በዴቪስ ቤሲ የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ የተገኘውን ጉዳት ልብ በሉ። የሪአክተሩን ክዳን ዘልቆ በሚያልፍ የኒኬል ቅይጥ ቱቦ ላይ ስንጥቅ ተፈጥሮ፣ ቦሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ለዓመታት ሲያፈስ ቆይቷል። አሲዱ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወፍረውን የክዳኑን ብረት ቦርቡሮ ስለጨረሰው፣ በዚያ ቦታ ከፍተኛውን ግፊት ተሸክሞ የተገኘው 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የማይዝግ ብረት ልባስ ብቻ ነበር። የነገሩ ሥር ስንጥቅ፣ ዝገትና በወጉ ያልተካሄደ ፍተሻ ነው። አይ ኤስ ኦ 9712 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የፍተሻ ባለሙያን ብቃት በሦስት እርከን ይለካል፤ መሐንዲስ ሆኖ ከታችኛው እርከን መጀመር ክብርን አይቀንስም።

ሁለተኛው ስህተት የኒውክሌር ጣቢያ አገር ቤት እስኪሠራ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ግብፅ የኤል ዳባ የኒውክሌር ኃይል ጣቢያን ስምምነት ከሩሲያ ጋር የተፈራረመችው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያህል ዓመት የሚጠብቅ ተመራቂ የተማረውን ይረሳል። በስኳር ፋብሪካ ቦይለር ወይም በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ቧንቧ ላይ የሠራ ግን ግፊት፣ ሙቀትና ዝገት በብረት ላይ የሚያደርሱትን በዓይኑ አይቶ ይመጣል።

ሦስተኛው መዝገብን ችላ ማለት ነው፤ ይህን እኔም ፈጽሜዋለሁ። በሥራ መጀመሪያዬ ለስብራት ፍተሻ ናሙና ስቆርጥ የብረቱን የማቅለጫ ቁጥር (ብረቱ ከየትኛው ቅልጥ እንደወጣ የሚያሳየውን መለያ) ወደ ቁራጮቹ ሳላሸጋግር ቀረሁ፤ የትኛው ከየትኛው ብረት እንደተቆረጠ መለየት ስላልተቻለ የሁለት ሳምንት ሥራ ተጣለ። በኒውክሌር ዘርፍ ይህ ይቅር የሚባል አይደለም፤ ምክንያቱም የሪአክተሩ ጋን ብረት በኒውትሮን ሲመታ ተሰባሪ የሚሆንበት ፍጥነት በእጅጉ በውስጡ ባለው የመዳብና የኒኬል መጠን ስለሚወሰን፣ ከጋኑ ጋር ለዓመታት ውስጥ ቆይተው በየጊዜው እየወጡ የሚሰበሩት ናሙናዎች ማንነታቸው ካልታወቀ ውጤታቸው ዋጋ የለውም።

ሴት ተመራቂዎችን በተለይ የምለምነው፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ ስም የሚሰጠውን የማስተርስ ትምህርት ድጋፍ «የፊዚክስ ተማሪዎች ነው» ብለው ሳያመለክቱ እንዳያልፉት ነው።