የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨዋታ ማስተማር፦ ለሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል መምህራን

ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያሉ ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው ጨዋታን በሁለት መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል። አንደኛው ሕፃናቱ ትምህርቱን በጸጥታ ከሰሙ በኋላ እንደ ሽልማት የሚሰጥ ጨዋታ ነው፤ ይህ ያስደስታቸዋል፣ ነገር ግን የእግዚአብሔርን ቃል ጨዋታው እስኪደርስ ድረስ የሚታገሡት ነገር ያደርግባቸዋል። ሁለተኛው የታሪኩ ዋና ነገር በጨዋታው ሕግ ውስጥ እንዲገኝ አድርጎ ማዘጋጀት ነው፤ ልጁ ሲጫወት ታሪኩን ራሱን ይሠራዋል ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ ስለ ሁለተኛው መንገድ ነው። ለዚህም አዲስ ጨዋታ መፍጠር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ሕፃናቱ ከሰፈራቸው ይዘዋቸው የሚመጡት ሰኞ ማክሰኞ፣ መሐረቤን ያያችሁ፣ እንቆቅልሽና አኩኩሉ ከሕጋቸው አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከተለወጠ ይበቃሉ።

ጨዋታን ከታሪክ ጋር ለማጣመር እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ሰው ምን አደረገ? እረኛው ፈለገ፤ ሳሙኤል ሰማ፤ በኢያሪኮ ዙሪያ የሄደው ሕዝብ ዝም ብሎ ዞረ። ያ ግሥ ጨዋታውን ይነግረናል። ግሡ «ፈለገ» ሆኖ ሳለ ልጆቹን እሽቅድምድም ማስሮጥ ጊዜ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ታሪኩን አያስተምርም።

የጠፋው በግ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የምናገኘው እረኛ ከ100 በጎቹ አንዱ ሲጠፋበት 99ኙን ትቶ የጠፋውን እስኪያገኘው ድረስ ይፈልገዋል፤ ባገኘውም ጊዜ በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ወዳጆቹንና ጎረቤቶቹንም ጠርቶ አብረውት ደስ እንዲላቸው ይጋብዛል። ለጨዋታው የሚያስፈልገው ከጥጥ የተሠራ አንድ ትንሽ በግ ብቻ ነው። ሕፃናቱ ክብ ሠርተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላቸው አድርገው ይቀመጣሉ። እረኛ የሆነው ልጅ ከረዳት መምህር ጋር በር ላይ ሲቆይ በጉ በአንዱ ልጅ እጅ ውስጥ ይደበቃል። እረኛው ተመልሶ በክቡ ውስጥ እየዞረ «በጌን ያያችሁ?» እያለ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ላይ ሕፃናቱ እንደ መሐረቡ ጨዋታ «አላየንም» ብለው እንዲመልሱ አድርጌ ነበር። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ግን በጉን በእጇ እንደያዘች «ታዲያ ይህ ውሸት አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ ስላጣሁ ሕጉን በዚያው ሰዓት ለወጥኩት። ከዚያ ወዲህ መልሱ «ፈልገው!» የሚል ሆኗል፤ እረኛው ወደ በጉ ሲቀርብ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሲርቅ ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ከቀድሞውም ይሻላል፤ ምክንያቱም መላው ክፍል የጠፋውን በማግኘት ሥራ ውስጥ ይገባል።

በጉ ሲገኝ ጨዋታው አያልቅም፤ እንዲያውም ዋናው ክፍል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እረኛው በጉን በጫንቃው ላይ አድርጎ በክቡ መካከል ይቆማል፤ ሁሉም ተነሥተው በጭብጨባ፣ ከተቻለም በእልልታ «ተገኘ! ተገኘ!» ይላሉ። ጊዜ አጠረኝ ብሎ ይህን ደስታ የሚቆርጥ መምህር ምሳሌውን መካከሉ ላይ አቋረጠው ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ላሉት ከጨዋታው በፊት 100 የበቆሎ ፍሬ በሰፌድ ላይ አስቆጥሮ አንዱን በድብቅ ማንሣትና እንደገና ማስቆጠር መልካም ነው፤ አንድ መጉደሉን ለማወቅ እረኛው በጎቹን ምን ያህል በጥንቃቄ ይቆጥር እንደ ነበር በእጃቸው ይረዱታል። ለትናንሾቹ ቁጥሩን ወደ 10 ዝቅ ማድረግ፣ በፍሬውም ፈንታ ወደ አፍ የማይገባ ትልቅ ነገር መጠቀም ይገባል።

ለዚሁ ትምህርት የሚስማማው የቃል ጥናት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው። አምስት ቃላት ብቻ ስለሆነ አምስት ልጆች ቆመው የጨርቅ ኳስ እየተቀባበሉ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቃል ይሉታል፤ ቀስ በቀስም ፍጥነቱ ይጨመራል። ቃሉን የረሳ ልጅ አይወጣም፤ ኳሱን ይዞ ከጎኑ ያለውን በጆሮው ይጠይቃል።

ሰኞ ማክሰኞና የፍጥረት ቀናት

ከሁሉም ጨዋታ እኔ የማደላው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ስሙ ራሱ ትምህርት ይዟል። ሰኞ ማለት ከግእዙ «ሰኑይ» የመጣ፣ ሁለተኛ ማለት ነው፤ ማክሰኞ የሰኞ ማግስት ነው፤ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከእሑድ ነው። ስለዚህ በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 «ሁለተኛ ቀን» የሚለውን ያነበበ ልጅ ሰኞ ላይ ቆሟል፤ በየሳምንቱ የሚጠራቸው የቀናት ስሞች የፍጥረትን ቁጥር እንደያዙ ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሚታየው መደነቅ መምህሩን ደስ ያሰኘዋል።

በግቢው ውስጥ ሲሚንቶ ካለ በጠመኔ፣ አፈር ከሆነ በእንጨት ሰባት ሳጥን ይሣላል። በእሑዱ ሳጥን ብርሃን፣ በሰኞው ጠፈር፣ በማክሰኞው የብስና ዕፅዋት፣ በረቡዑ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት፣ በሐሙሱ ዓሦችና ወፎች፣ በዓርቡ የምድር እንስሳትና ሰው በቀላል ሥዕል ይሣላሉ፤ ሥዕሎቹን ሕፃናቱ ራሳቸው ቢሥሏቸው ይመረጣል። ልጁ ጠጠሩን ወርውሮ በአንድ እግሩ እየዘለለ ይሄዳል፤ ጠጠሩ ያረፈበት ሳጥን ጋ ሲደርስ በዚያ ቀን የተፈጠረውን ይናገራል። ሰባተኛው የቅዳሜ ሳጥን ከሌሎቹ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ እዚያ የደረሰ ልጅ ሁለቱንም እግሮቹን አሳርፎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እስከ ሰባት እየቆጠረ ይቆያል። በአንድ እግር ስድስት ሳጥን ለዘለለ ልጅ «ዐረፈ» የሚለውን ቃል ማብራራት አያስፈልግም።

መምህሩ አንድ ጥያቄ እንደሚመጣበት አስቀድሞ ይወቅ፦ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ የእሑዱ ብርሃን ከየት መጣ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሥዕሎቹን በደንብ አይቷል ማለት ነውና ሊመሰገን ይገባል። ብርሃንን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ፀሐይም የእርሱ ፍጥረት እንደሆነች መንገር ለዚህ ዕድሜ ይበቃል።

ዝምታን የሚያስተምሩ ጨዋታዎች

ሕፃናትን ዝም ማሰኘት የሚያስቸግረው ዝምታው ምክንያት ስለሌለው ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 6 ሕዝቡ ከተማይቱን ለስድስት ቀን በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ሰባት ጊዜ እንዲዞር ታዘዘ፤ እልል እንዲልም እስኪነገረው ድረስ ድምፁን እንዳያሰማ ተነገረው። እነዚህ ሲደመሩ 13 ዙር ናቸው። ባዶ የሳሙናና የፓስታ ካርቶኖች ተደርድረው ቅጥር ይሆናሉ፤ ሕፃናቱ በሰልፍ ይዞራሉ፤ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር መሪው አንድ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል፤ የሚሰማውም ድምፅ የእግራቸውና የጠጠሩ ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛው ጠጠር ሲወድቅ ቀንደ መለከት ይነፋል (የተጠቀለለ ወረቀት ይበቃል)፤ ሁሉም ይጮኻሉ፤ አንድ ረዳት ካርቶኖቹን ያሰረውን ገመድ ይስባል። ቅጥሩን ልጆቹ ራሳቸው በእግራቸው እንዲመቱት ማድረግ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የኢያሪኮ ቅጥር በሰው ጉልበት አልወደቀምና ይህ ትርጉሙን ያዛባዋል። ሌላም ምክንያት አለ፦ አንድ ጊዜ በካርቶን ፈንታ ወንበሮችን ደርድሬ አንድ ልጅ የእግሩ ጣት ላይ ወድቆበታል። ክቡም ሰፊ ይሁን፤ በጠባብ ቦታ 13 ጊዜ መዞር ያዞራል።

የሳሙኤል ጥሪ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ በክፍል ውስጥ የሚሠራ ነው። አንዱ ልጅ ነጠላ ለብሶ ይተኛል፤ ሌላው ዔሊ ሆኖ በጥግ ይቀመጣል። መምህሩ ከመጋረጃ ጀርባ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሳሙኤል!» ሲል ልጁ ተነሥቶ ወደ ዔሊ ይሮጣል፤ ዔሊም «አልጠራሁህም፤ ተመልሰህ ተኛ» ይለዋል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ በአራተኛው ልጁ ሳይሮጥ ባለበት ሆኖ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ይላል። የእግዚአብሔርን ጥሪ ሕፃን እንዲጠራ አላደርግም፤ ሳቅ ይከተለዋልና። በተመሳሳይ ምክንያት የጌታን ስቅለት ለጨዋታ ማቅረብ አይገባም፤ ለዚያ ሥዕልና የተረጋጋ ትረካ ይሻላል።

እነዚህ በትእዛዝ ቃል የሚመሩ ጨዋታዎች በውጭ አገር ባሉ አማርኛ ተናጋሪ አብያተ ክርስቲያናት ለሚያስተምሩም ይጠቅማሉ። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ነው፤ «ተመልሰህ ተኛ» እና «ፈልገው» ያሉት ቃላት ግን በሰውነቱ ስለሚሠራቸው ሳይተረጎሙለት ይገቡታል፤ ዔሊ ለመሆን ሲሽቀዳደምም ያለ ማስገደድ ይላቸዋል።

እንቆቅልሽ

እንቆቅልሽ ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ሶምሶን በሰርጉ ላይ ስለ አንበሳውና ስለ ማሩ እንቆቅልሽ አቅርቦ ሰባት ቀን ሰጥቷቸው ነበር። በክፍሉ ውስጥ መምህሩ «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሕፃናቱ «ምን አውቅልህ» ይላሉ። ለመነሻ የሚሆኑ ጥቂቶቹ እነሆ፦ «ዋጥሁት እንጂ አልበላሁትም፤ ሦስት ቀን አሳድሬ መለስሁት» (የዮናስ ዓሣ)፤ «እሳት ይዞኛል፣ ግን አልተቃጠልሁም» (ሙሴ ያየው ቁጥቋጦ)፤ «አጭር ብሆን ሾላ አስረዘመኝ» (ዘኬዎስ)፤ «አምስት ሆነን ወረድን፣ አንዳችን በቃን» (የዳዊት ጠጠሮች)።

ያቃተው ቡድን እንደ ልማዱ አገር ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን የመጽሐፍ ቅዱስ አገር ነው፦ ነነዌ፣ ቤተ ልሔም፣ ቅፍርናሆም፣ ኢያሪኮ። በሰፈር ጨዋታ አገር የተቀበለው ሰው ያልመለሰውን እየተሳለቀ ይገባበታል፤ እኛ ያንን ትተን የተቀበለው ልጅ በዚያ አገር ስለሆነው ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲናገር እናደርጋለን፦ «ነነዌ ገብቼ፣ ንጉሡን ማቅ ለብሶ አገኘሁት።» ይህንንም ለማለት ከልጁ ይልቅ መምህሩ መዘጋጀት ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ የአሥር ከተሞችን ታሪክ በቃሉ ይያዝ። ከስድስት ዓመት በታች ያሉት እንቆቅልሽ ስለሚከብዳቸው ዕቃ ማሳየት ይሻላል፦ ወንጭፍ፣ ዓሣ የተሣለበት ወረቀት፣ የቅርጫት ሕፃን፤ እነርሱም የማን እንደሆነ ይገምታሉ።

ጊዜና ሥርዓት

ሕፃናቱ ከቅዳሴ በኋላ የሚመጡ ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው፣ ምናልባትም ርቧቸው ነውና ከጨዋታው በፊት ውኃና ጥቂት ቁርስ ይቅደም። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትናንሾቹ ሊያንቃቸው ስለሚችል ይቅር፤ በጾም ወራት ብስኩት ሲገዛም ወተትና እንቁላል የሌለበት መሆኑን ማየት ከወላጆች ጋር ከሚመጣ ክርክር ያድናል። ታሪኩ ከጨዋታው በፊት፣ ከመጽሐፉ ተነቦ፣ አጠር ብሎ ይነገር፤ ጨዋታው ሁለት ጊዜ ብቻ ይደገም፤ ልጆቹ «እንደገና!» እያሉ ሳለ ማቆም ሰልችተው ከሚበተኑ ይመረጣል። በአንድ ክፍል ከሃያ በላይ ሕፃናት ካሉ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከረዳት ጋር በጭቃ ሥራ ላይ ማሰማራት ተራ በመጠበቅ የሚመጣውን ግፊያ ይቀንሳል።

የተሸነፈ የሚወጣበት ጨዋታ ለዚህ ክፍል አይመችም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ልጅ ታሪኩን እንደገና መስማት የሚያስፈልገው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ አዲስ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያለፈውን ጨዋታ እንዲመራ ለአንድ ሕፃን ይስጠውና ራሱ በክቡ ውስጥ ይቀመጥ። ልጁ ሕጉን ሲያስረዳ የዘለለው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በጉ ከተገኘ በኋላ ያለውን ጭብጨባ፣ የዚያ ቀን ትምህርት ከዚያው ይጀመር።