ጉብታውን አትናዱት፦ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ከነበረው መሬት ጋር አስማምቶ መንደፍ

መሬቱ ተገኝቷል። ሐሳቡም አለ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ዶዘር ለሚያከራይ ሰው ነው። ስልኩን ለጊዜው አስቀምጡት። ውሃና ነፋስ በሺህ ዓመታት የሠሩትን ጉብታ ዶዘር በግማሽ ቀን ደልድሎት ይሄዳል። ኋላ ላይ "ሜዳው ለጥ ብሎ አስጠላን" ብላችሁ መልሳችሁ ብትቆልሉት ደግሞ ከግንባታ የተረፈ አፈር እንጂ ጉብታ አይመስልም።

ጎልፍ ራሱ ማንም ባልነደፈው መሬት ላይ ያደገ ጨዋታ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ ያለው አሮጌው ሜዳ የባሕር ዳር አሸዋማ መሬት ነበር። ስዊልከን የምትባለው ቀጭን ጅረት ዛሬም 1ኛውንና 18ኛውን ሆል አቋርጣ ታልፋለች። ቱቦ ውስጥ የከተታት የለም።

በቃላት እንስማማ። ጉድጓድ ስል ኳሷ የምትገባባትን፣ 10.8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን ቀዳዳ ማለቴ ነው። ግሪን ጉድጓዷ ያለችበት፣ በጣም አጥሮ የታጨደው ሣር ነው። ሆል ደግሞ ከመምቻው ቦታ፣ ማለትም ከቲው፣ እስከ ግሪኑ ያለው መንገድ በሙሉ። ባለ 18 ሆል ሜዳ ብዙውን ጊዜ 50 ሄክታርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እኛ የምናወራው ስለ ትንሽዬዋ ነው፤ ከ3 እስከ 9 ሆል፣ እያንዳንዱ ከ70 እስከ 140 ሜትር።

1. ወረቀት ከማውጣታችሁ በፊት ተራመዱ

መሬቱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእግር ዙሩት። አንዱ ዙር የግድ እየዘነበ ወይም ገና እንዳባራ ይሁን። ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚተኛ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ተከተሉት። በዝናብ ጊዜ መሄድ ካልቻላችሁ ሣሩን እዩ። በደረቅ ወቅት ዙሪያው ቢጫ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ከለመለመ ከሥሩ ውሃ አለ ማለት ነው። እዚያ ላይ ግሪን አይሠራም።

ሁለተኛው ዙር ጠዋት፣ ሦስተኛው ወደ ማታ ይሁን። የመጀመሪያው ሆል ወደ ምሥራቅ፣ የመጨረሻው ወደ ምዕራብ ካፈጠጠ ተጫዋቹ የመታት ኳስ የት እንደገባች ሳያይ ነው የሚውለው።

2. ያለውን ሁሉ ካርታ ላይ አስፍሩ

የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ በቀያሽ አስነሡ። በትንሽ መሬት ላይ መስመሮቹ በግማሽ ሜትር ከፍታ ልዩነት ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ለግሪን የሚሆነው ጠቃሚ ነገር በሙሉ እዚያች ግማሽ ሜትር ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ ዛፉን፣ ቋጥኙን፣ ጅረቱን፣ የድንጋይ ካቡን፣ የእግር መንገዱን ሳይቀር ምልክት አድርጉ። ሦስት ቀለም ይበቃል። ቀይ አይነካም፣ ቢጫ ቢቻል ይቆይ፣ ሰማያዊ ቢነሣም ግድ የለም። ሁሉም ነገር ቀይ ከሆነ ራሳችሁን ታዘቡ፤ ሜዳ ሳይሆን ፓርክ እያሰባችሁ ይሆናል።

3. መጀመሪያ ግሪኖቹን ፈልጉ

እኔን ብትጠይቁኝ ሥራው ያለው እዚህ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ከቲ ተነሥቶ ወደፊት ይነድፋል። ገልብጡት። ግሪን አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ፀሐይ ይፈልጋል፣ አየር ይፈልጋል፣ ውሃ እንዳይተኛበት ይፈልጋል። ቲ ግን የትም ይመቸዋል።

አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1995 የተከፈተውን ሳንድ ሂልስ የተባለ የጎልፍ ሜዳ የነደፉት ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾ በአሸዋ ኮረብታዎቹ መካከል እየዞሩ ከ130 በላይ ሊሆኑ የሚችሉ ሆሎች ካርታ ላይ አስፍረው ነበር። ከዚያ 18ቱን መረጡ። እናንተ 6 ሆል ከፈለጋችሁ 15 የግሪን ቦታ ፈልጉ።

ምን ዓይነት ቦታ? ተዳፋት ላይ እንደ መደብ ጠፍጠፍ ያለ፣ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለ ለስላሳ ኮርቻ፣ የሸንተረር ጫፍ። እንደ ሳህን የጎደጎደ ቦታ ግን ዓይን ቢማርክም ተዉት፤ ውሃው ሁሉ እዚያ ይገባል። ዳገትነቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ካስማ በ10 ሜትር ርቀት ትከሉ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ ሲባጎው በዝቅተኛው በኩል ከመሬት ምን ያህል እንደራቀ፣ በከፍተኛውም በኩል እንዲሁ ለኩና ልዩነቱን አውጡ። ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለጉድጓድ የሚሆን ቦታ ነው። 60 ከሆነ ኳሷ ተንከባላ ተመልሳ እግራችሁ ሥር ትመጣለች።

ለትንሽ ሜዳ ከ250 እስከ 350 ካሬ ሜትር ግሪን ይበቃል። ቦታ ካጠረ ደግሞ አንድን ግሪን ከሁለት አቅጣጫ መጫወት ይቻላል። ሴንት አንድሩስ ላይ ሰባት ግሪኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሆል ያስተናግዳሉ። ቀልዱ ደግሞ የሁለቱ ሆል ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 መምጣቱ ነው፤ 2ኛው ከ16ኛው፣ 3ኛው ከ15ኛው እያለ ይቀጥላል።

4. ዛፉን አቆዩ፣ ግን አትደገፉበት

ዛፍ ማቆየት ማለት ግንዱን አለመቁረጥ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሥር የሚኖረው ላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። እዚያ ላይ አፈር ብትቆልሉ ሥሩ አየር ያጣል፤ መኪና ቢመላለስበትም ያው ነው። የሚያሳዝነው ዛፉ ወዲያው አይሞትም። አንድ ሁለት ዓመት ለምለም መስሎ ይቆያል፣ ከዚያ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ያኔ ኮንትራክተሩ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

እንግሊዞች በግንባታ ደንባቸው የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ውፍረት ለኩ፣ በ12 አባዙ። ሜትራችሁን ግንዱ ላይ ስትጠመጥሙት 157 ሳንቲ ሜትር ካሳየ ለ3.14 አካፍሉት፤ 50 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በ12 ሲባዛ 6 ሜትር። ከግንዱ ጀምሮ ዙሪያውን 6 ሜትር አይቆፈርም፣ አይሞላም፣ ዕቃ አይቀመጥበትም።

ከግሪን በስተምሥራቅ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ግን ጠላት ነው። የጠዋት ፀሐይ ይከለክላል፣ ጤዛው አርፍዶ ይደርቃል፣ ፈንገስ ሣሩን ይበላዋል። ዛፉን የምትወዱት ከሆነ ግሪኑን አንሡ።

ሌላም አለ። የአንድን ሆል ፈተና በሙሉ አንድ ዛፍ ላይ አትስቀሉ። አሜሪካ ውስጥ ኦገስታ ናሽናል በሚባለው ሜዳ 17ኛው ሆል ላይ የአይዘንሃወር ዛፍ የሚባል ጥድ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ኳሳቸው እየደጋገመ ይመታው ስለነበር እንዲቆረጥ ጠይቀው ነበር ይባላል። አልተቆረጠም። የካቲት 2014 እንደ ፈረንጆቹ የበረዶ ውሽንፍር ክፉኛ ጎድቶት ተነሣ፤ ሆሉም በአንድ ሌሊት መልኩ ተለወጠ።

5. ውሃውን በሰያፍ ተሻገሩት

ጅረት ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ሆሉ ጅረቱን ቀጥ ብሎ ካቋረጠው ሁሉም ሰው ያው አንድ ምት ነው የሚመታው። በሰያፍ ሲያቋርጠው ግን ደፋሩ ረጅሙን፣ ጥንቁቁ አጭሩን ጎን ይመርጣል። ያለ አንዲት አካፋ አፈር ምርጫ ፈጠራችሁ ማለት ነው። ጀማሪ ኳሱን በምድር እያንከባለለ የሚያልፍበት በኩልም ተዉለት።

ከጅረቱ ዳር ዳር ቢያንስ ጥቂት ሜትር ሣር ሳይታጨድ ይቆይ። ከግሪኑ የሚታጠበውን ማዳበሪያ ይይዛል፣ ዳሩም እንዳይናድ ያደርጋል። ረግረግ ወይም ወፎች የሚራቡበት ቦታ ካለ የጎልፍ ሕግ ራሱ ያግዛችኋል። ቦታውን "መጫወት የተከለከለበት ክልል" ብሎ መሰየም ይፈቀዳል፤ ኳሷ የገባችበት ሰው ውጭ አውጥቶ ነው የሚጫወተው።

6. ቋጥኝና ካብ

ቋጥኝ ከጎን ሲሆን ያምራል፣ ከፊት ሲሆን ኳሷን ወደ መቺው ይመልሳል። ስለዚህ ከቲ ጀርባ ወይም ከዳር ይሁን። የድንጋይ ካብ ግን አታፍርሱ። እዚያው ስኮትላንድ ኖርዝ በርዊክ 13ኛው ሆል ላይ ግሪኑ ከዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ጀርባ ነው የተቀመጠው፤ ሰው ከሩቅ አገር እሱን ሊጫወት ይመጣል።

7. ርቀት

ይህን ስትነድፉ በፍቅር ዓይነ ስውር አትሁኑ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሆሎች መሃል መስመራቸው 60 ሜትር ያህል እንዲራራቅ ይመከራል። በአጭር ሆል ትንሽ መቀነስ ይቻላል፣ ግን በጉብታ ወይም በዛፍ ጋርዳችሁ። መንገድ ወይም የሰው ቤት ካለበት ወገን ግን አትደራደሩ። ያማረው ሆል ወደ ጎረቤት መስኮት ካመለከተ ሰርዙት።

8. ሳትሠሩ ተጫወቱበት

ቲ የሚሆነውን ቦታ በኖራ አክብቡ። ግሪን የሚሆነውን አጭዱና ጨርቅ የታሰረበት ዱላ ትከሉ። ከዚያ ከሦስት ሰዎች ጋር ኳስ ምቱ፤ አንዱ ጨርሶ ተጫውቶ የማያውቅ ይሁን። እሱ የሚሄድበት መንገድ ካርታው ያልነገራችሁን ይነግራችኋል። ቲውን አምስት እርምጃ ወደ ግራ ስታነሡት ዛፉ ድንገት ከእንቅፋትነት ወደ ጌጥነት ሲለወጥ ታያላችሁ።

9. አሁን ዶዘሩን ጥሩት

ከመድረሱ በፊት ካርታው ላይ በቀይ ያመለከታችሁትን ሁሉ እንጨት ተክላችሁ አጥሩ። ሪባን ብቻ አትሰሩ፤ በሁለተኛው ቀን ይበጠሳል። መሬቱ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ላይኛውን 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ለብቻው አስገፍፉና አስቀምጡ፤ ሣሩ የሚበቅለው በዚያ ነው። መኪናው የሚገባበትና የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ይኑር። ሾፌሩንም ሥራ በሚጀምርበት ጠዋት በእግር አዙራችሁ አሳዩት። ካርታ ሰጥታችሁት ብቻ ከሄዳችሁ፣ ስትመለሱ ጉብታው የለም።