ወርክፍሎው ኢንጅን ስትጠቀሙ ድግግሞሹን አስቡበት
ቴምፖራልን የመሰለ ክፍት ምንጭ ወርክፍሎው ኢንጅን (ብዙ እርምጃ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ልትጀምሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ እርምጃ ሲከሽፍ ኢንጅኑ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። ቴምፖራል ላይ እንዲያውም ገደብ ካላበጃችሁለት የሙከራው ቁጥር ማለቂያ የለውም። ደስ ይላል፤ ግን እርምጃው ደንበኛ ማስከፈል ቢሆንና ክፍያው ተፈጽሞ መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ኢንጅኑ አልተሳካም ብሎ ደንበኛውን ሁለቴ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ የወርክፍሎውን መለያ ከእርምጃው ስም ጋር አጣምራችሁ እንደ ቁልፍ (ጥያቄው ያው የቀድሞው መሆኑን የሚያሳውቅ ምልክት) ከጥያቄው ጋር ላኩ። ተቀባዩ ሲስተም ቁልፉን የሚመዘግብ ከሆነ ሥራውን አይደግምም፤ የቀድሞውን መልስ ይሰጣል። በየሙከራው አዲስ ቁልፍ ካመነጫችሁ ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ኤርፍሎው በተባለው ሌላ ወርክፍሎው ኢንጅን ላይ ታስክ (አንድ እርምጃ) ደግማችሁ ስታስኬዱም ያው ነው፦ የዚያን ቀን ዳታ ይተካ እንጂ በላዩ ላይ አይጨምር።